ሁለት ስንዝር የጎደለው ሜዳ

ዝናቡ አቁሞ ኖራው የሚፈስበት ያ ወቅት ዛሬም ሽታው ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ለሦስት ወር ጭቃ ሆኖ የከረመው የቴኒስ ሜዳ ይደርቃል። ወንድሜ ሲሚንቶ የተሞላ የብረት በርሜል እየገፋ አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ ነጩን መስመር ያሰምራል። ያን ሰሞን ሁሉ ነገር የተከፈተ ይመስላል። ፎጣ በአንድ ሰዓት ይደርቃል፣ ደርቆም እንደ ካርቶን ይንቋቋል። ግድግዳው ላይ የከረመው እርጥበት ወደ ታች ይሸሻል። እኔም ደረቴ ቀለል ይለኝና፣ ዘንድሮስ አንድ ነገር ይሆናል እላለሁ። ወንድሜ መስመሩን ጨርሶ እጁን ሲያራግፍ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ያው እኛም እዚያው መስመሩ ውስጥ ነን።

የምንኖረው ከክለቡ አራተኛ ሜዳ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር በተያያዙ ሁለት ክፍሎች ነበር። ክፍሎቹ የተሰጡት ለእኔ ነው፤ የክለቡ አጣቢ ነበርኩ። ወንድሜ ሚስቱ ጥላው የሄደች ጊዜ የሦስት ዓመት ሴት ልጁን አዝሎ መጣብኝ። ሲውል ሲያድር ክለቡ ሜዳ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው። አንደኛው ክፍል መስኮት የለውም። የሁለተኛው መስኮት የሚያየው ሜዳውን ነው፤ ሜዳው ደግሞ በሦስት በኩል በሽቦ፣ በአንድ በኩል በእኛው ግድግዳ የታጠረ ነው። ኳስ ግድግዳችንን በመታ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። ወንድሜ ታዲያ ሁልጊዜ፣ «ማነው? ግባ!» ይላል፣ እንግዳ የመጣ ይመስል። አሥር ዓመት ሙሉ ያችኑ ቀልድ። እኔም አሥር ዓመት ሙሉ ስቄለታለሁ።

ልጅቷን ፌንጣ ያላት አሰልጣኙ ነው። እውነትም ፌንጣ ነበረች። ስትቆም እንኳ ተረከዟ መሬት አይነካም። ከጠረጴዛ የወደቀ ማንኪያ መሬት ሳይደርስ ትይዘዋለች። እርጥብ አንሶላ ደርድሬ በሰቀልኩበት መሀል ገብታ፣ ግራ ቀኝ እየታጠፈች፣ አንዱንም ሳትነካ በወዲያኛው በኩል ትወጣለች። «ልብሴን ታስወድቂብኛለሽ!» ብዬ ስጮህ እሷ ከኋላዬ ቆማለች። ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ነበር የምትተኛው፤ በእንቅልፏም ትሮጣለች፣ ጉልበቷ ወገቤን ሲደበድበኝ ያድራል።

አሰልጣኙ አጭር፣ ወፈር ያለ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካና የሩጫ ሰዓት የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። እሱ ራሱ ሲሮጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። የክለቡን ልጆች በየሳምንቱ በእኛ ሜዳ ያሠለጥናል፤ ሌሎቹ ሦስት ሜዳዎች የአባላቱ ናቸው። ድምፁ ማጠቢያው ድረስ ይሰማኛል።

«ቴኒስ ውስጥ ሩቅ የሚሮጥ የለም! ነገሩ ሁሉ ሦስትና አራት እርምጃ ነው! ፈጥነሽ ተነሺ፣ ፈጥነሽ ቁሚ፣ ፈጥነሽ ዙሪ! መቶ ሜትር መሮጥ ያማረው ሂዶ አውቶቡስ ያሳድድ!»

አንድ ቀን ፌንጣ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ እኛ ወጥተን የምንሮጠው መቼ ነው?» አለችው።

«ወጥተሽ? የት ነው የምትወጪው?»

«እኔ እንጃ። አጥሩ ካለቀ በኋላ።»

ልጆቹ ሳቁባት። እኔም ከአንሶላው ጀርባ ሆኜ ስቄአለሁ፤ አልዋሽም።

አሰልጣኙ ፍጥነታቸውን የሚለካበት ሸረሪት የሚባል ሩጫ ነበረው። ከኋላው መስመር መሀል ላይ አንድ ራኬት መሬት ላይ ይጋደማል። አምስት ኳስ መስመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ይቀመጣል፤ ሁለቱ በኋላው መስመር ጫፍና ጫፍ፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ መረቡ ጠጋ ባለው በመሀሉ መስመር ላይ፣ ግራ፣ ቀኝና መሀል። ልጁ ከራኬቱ ተነስቶ ሮጦ አንዱን ኳስ ያነሳል፣ ተመልሶ ራኬቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። አምስቱን ሲጨርስ ሰዓቱ ይቆማል። ሲሮጡ የሚጥሉት የእግር ዱካ እውነትም የሸረሪት ድር ይመስላል። ወንድሜ ማታ ማታ ያን ድር በመጥረጊያ ያጠፋዋል፤ በማግስቱ ልጆቹ ደግመው ያደሩታል።

ፌንጣ ዓይኗን ኳሱ ላይ አትጥልም ነበር። ትቆጥራለች። ወደ መሀሉ መስመር ስትሮጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ጎንበስ። አራት ላይ ስትጎነበስ ኳሱ እጇ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ኳሱን እስኪያዩት፣ ፍጥነታቸውን እስኪያበርዱ፣ እሷ ዞራ ግማሽ መንገድ መጥታለች።

በዚያን ጊዜ ትልቁ የቴኒስ ማሰልጠኛ በዓመት ስድስት ልጆች ይቀበል ነበር። የሚያድሩበት፣ የሚማሩበት ቤት አለው። አሰልጣኙ ያመጣው አንድ ወረቀት ላይ ፎቶው ነበር፤ የተነጠፈ አልጋ፣ ከአልጋው ራስጌ ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጪ ዛፍና ማለቂያው የማይታይ መንገድ። ፌንጣ ያን ወረቀት ቆርጣ ከአልጋችን በላይ ለጠፈችው። ሸረሪትን ከአሥራ ሰባት ሰከንድ በታች ያልሮጠ አይገባም። አሥራ አራት ዓመት የሞላውም አይገባም። እሷ አሥራ ሦስት አልፏታል። ስለዚህ ያቺ ዓመት ናት፣ ሌላ የለም። የዚያን ጊዜ ሰዓቷ አሥራ ሰባት ተኩል ነበር።

«ግማሽ ሰከንድ ምን ያህል ናት አክስቴ?» ትለኛለች አልጋ ላይ።

«አሁን ያልሻትን ያህል።»

«እሷን ብቻ?»

«እሷን ብቻ። አሁን ተኚ፣ ወገቤን ተይልኝ።»

እንግዲህ የገመዱ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ወንድሜ መስመር የሚያሰምርበት አንድ ገመድ ነበረው። ከእሱ በፊት የነበረው ሜዳ ጠባቂ ያስረከበው ነው። ሁለት ቦታ ላይ እራፊ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ቀዩ ከመረቡ እስከ መሀሉ መስመር፣ ሰማያዊው እስከ ኋላው መስመር። ጫፉን መረቡ ሥር ያስርና ወጥሮ እራፊዎቹ በደረሱበት ኖራ ያፈሳል። የአባላቱ ሜዳዎች መስመር በምስማር የተመታ ነጭ ጥብጣብ ነው፣ አይነቃነቅም፤ የእኛው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ይታጠባል። ወንድሜ ያን ገመድ ከሚስቱ ፎቶ አጠገብ በምስማር ሰቅሎ፣ «እታለም፣ ይህን እንዳትነኪብኝ» ይለኝ ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ እንዳቆመ የእንግዳ መቀበያውን አዳራሽ መጋረጃዎች እንዳጥብ ታዘዝኩ። አሥራ ሁለት ወፍራም መጋረጃ። የማሰጫዬን ሽቦ ወንድሜ አጥር ጠግኖበታል። እሱ ኖራ ሊያመጣ ወጥቷል። ገመዱ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል። ገመድ ያው ገመድ ነው ብዬ አወረድኩት። አምስተኛው መጋረጃ ላይ ተበጠሰ። የተበጠሰው በቀዩና በሰማያዊው እራፊ መሀል ነው። ጫፍና ጫፉ ተበጣጥሶ ጸጉር ስለመሰለ በመቀስ ቆርጬ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ቋጠርኩት። እኔ ስቋጥር ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሼ እሰካዋለሁ፤ የታጠበ ልብስ እንዳይዝ ብዬ የለመድኩት ነው። መልሼ ሰቀልኩት። ስለ መቁረጤ አላሰብኩም። እንዳትነኪ የተባልኩትን መንካቴን ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ እሱንም በሦስተኛው ቀን ረሳሁት።

ያን ዓመት የልጆቹ ኳስ ሁሉ ከመስመር ውጪ ያርፍ ጀመር። አሰልጣኙ ፊሽካውን እየነፋ ያብዳል።

«ውጪ! ውጪ! ምን ነክቷችኋል ዘንድሮ? ክረምቱን ሙሉ ተኝታችሁ ነው የከረማችሁት?»

ልጅ ኳስ ሲወጣበት እጁን ይጠረጥራል እንጂ መስመሩን አይጠረጥርም። ትልቁም ሰው አልጠረጠረም። የሸረሪቱ ሰዓት ደግሞ ተአምር ሆነ። ሁሉም ፈጠኑ፤ ፌንጣማ አራት እርምጃዋን ሳታውቀው ባጠረው ርቀት ልክ አስማምታ አሥራ ስድስት ነጥብ ስድስት ገባች። አሰልጣኙ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየው፣ ጆሮው ላይ አድርጎም ነቀነቀው። ከዚያ ወንድሜን እየጠራ ሮጠ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እንግዲህ ቅድም አይቼው አላውቅም ያልኩት ልክ አልነበረም።

«ባንድ ክረምት እግሯ ረዝሟል!» አለ።

ወንድሜ አቅፎ አነሳትና ኖራ በኖራ አደረጋት። ስሟ ከነሰዓቷ ተጽፎ ተላከ፤ ጥሪውም መጣ።

ወንድሜ የውድድር ሰሞን ስለነበር መቅረት አልቻለም፤ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ላይ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ሄደች። ማሰልጠኛው ፎቶው ላይ እንዳለው ነበር። ሜዳው አፈር አይደለም፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጠንካራ መሬት ነው። መጀመሪያ አምስት ሜትርና ሃያ ሜትር አስሮጧቸው፤ ፌንጣ ከአርባው ልጅ ሦስተኛ ወጣች። አንዷ የሌላ ልጅ እናት፣ «የእርስዎ ናት? ጥይት እኮ ናት!» አለችኝ። እኔም ሞኝ፣ «ወደ ቤተሰቡ ነው የወጣችው» ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብኩ።

ከዚያ ሸረሪት መጣ። ለአንድ ልጅ ሁለት ሙከራ ነው የሚሰጠው።

የኋላዎቹን ሁለት ኳሶች እንደ መብረቅ አመጣቻቸው። ወደ መሀሉ መስመር ስትዞር ከንፈሯን አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ጎንበስ አለች። ኳሱ የለም። እጇ ባዶ መሬት ጨበጠ። ኳሱ ከጣቷ ጫፍ ሁለት ስንዝር እልፍ ብሎ ተቀምጧል። በጉልበቷ ወደቀች። ተነስታ አነሳችው፤ ግን አንዴ ከተሳሳተ በኋላ የቀረውን ማን ይይዘዋል።

በሁለተኛው ሙከራ አልወደቀችም። አራተኛው እርምጃ ላይ ግን እግሯ ማመን አቃተው፤ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ሰው ቆጠብ ቆጠብ አለች። ወረቀት የያዘችው ሴት ሰዓቱን አየች።

«አሥራ ሰባት ነጥብ አራት።» ወረቀቷን ገለጠች። «ከክለባችሁ የተላከው አሥራ ስድስት ነጥብ ስድስት ይላል። እንዲያውም ጠንካራ ሜዳ ላይ የበለጠ ይፈጠናል። በምን ሰዓት ነው የምትለኩት እናቴ?»

«እኔ አጣቢ ነኝ» አልኳት።

ፌንጣ ጉልበቷ እየደማ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። «አክስቴ፣ እዚህ ሜዳው ይርቃል።»

«ሜዳ ያው ሜዳ ነው» አልኳት። «ነይ እንሂድ።»

ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን መልሼ ልውጠው እሞክራለሁ።

ማሰልጠኛው ለክለቡ ደብዳቤ ጻፈ። አሰልጣኙ ስሜ ጠፋ ብሎ የብረት ሜትር ይዞ መጣ፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ተከተለው። የሜትሩን ጫፍ መረቡ ሥር አስይዘው ወንድሜን ቁጭ አደረጉት። እኔ የፎጣ ክምር ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ፌንጣ ከአጠገቤ።

«እስከ መሀሉ መስመር ልክ ነው» አለ አሰልጣኙ። ከዚያ ወደ ኋላው መስመር ሄዶ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። «አርባ አምስት ሳንቲም ይጎድላል።»

«አይሆንም» አለ ወንድሜ። «በዚህ ገመድ አሥር ዓመት ለክቻለሁ ጌታዬ።» ሮጦ ገመዱን አመጣው። ገመዱ ላይ ኖራ ተጋግሮበት ነጭ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ከእራፊ እራፊ እየዳበሰ አለፈ። ቋጠሮው ላይ ኖራው ረግፎ ነበር። ሁለት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሰካ።

«ይህ ምንድን ነው? ቆርጠህ ቀጥለኸዋል» አለ። «ለልጅህ ብለህ ሜዳ አሳጠርክ።»

«እኔ? ኧረ ጌታዬ፣ እኔ አልቋጠርኩም… ወይስ ድሮም ነበር?» ወንድሜ ገመዱን እንደማያውቀው ነገር አገላበጠው። «ምናልባት ሳልወጥረው ቀርቼ ነው።»

«አዋረድከኝ» አለው አሰልጣኙ።

እኔ ቆሜአለሁ። ፎጣው እስከ አገጬ ደርሷል። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ። በኋላ ምክንያት አበጅቼለታለሁ፤ ክፍሎቹን ቢነጥቁንስ፣ ሦስታችንም ብንጣልስ ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ያን ጊዜ ስለ ክፍሎቹ አላሰብኩም። እንዳትነኪብኝ ብሎኝ ነበር፤ ያቺው ብቻ ናት አፌን የዘጋችው። እንደ ትንሽ ልጅ።

ወንድሜን አላባረሩትም። የልጆች ሥልጠና ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ፣ የፌንጣም ስም ከመዝገቡ ወጣ። ግድግዳችንን የሚመታው ኳስ ቀረ። ብርጭቆው ዝም አለ። ወንድሜም «ማነው? ግባ!» ማለቱን ተወ። የብረት ሜትር ሰጡትና ሁሉንም ነገር ይለካ ጀመር፤ በሩን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋችንን። ምሳ ሲበላ እጁን ዳቦው አጠገብ ዘርግቶ በስንዝር ይለካዋል። «ሳልወጥረው ቀርቼ ነው እታለም። እጄ ነው ያታለለኝ» ይለኛል። እኔም፣ «ብላ እንጂ ይቀዘቅዛል» እለዋለሁ፤ የሚቀዘቅዝ ነገር በሌለበት።

ፌንጣ አሥራ አራት ሞላት። ፎቶውን ከግድግዳው ላይ ራሷ አነሳችው። ትምህርቷን ጨርሳ ማጠቢያ ቤት ከእኔ ጋር ገባች፤ ሌላ የተከፈተላት በር አልነበረም። ከማሽኑ እስከ ማሰጫው ስድስት እርምጃ ነው፤ ከማሰጫው እስከ ማጠፊያው ጠረጴዛ አራት። ቅርጫት ተሸክማ ስትመላለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ጸሎት ይመስላቸዋል። እኔ አውቃለሁ፣ ትቆጥራለች። አራት ዓመት እንዲህ ቆጠረች። አንዳንዴ ገመድ ሲላላ እኔ ልቋጥር ስል ፈጥና ከእጄ ትወስደውና ራሷ ታስረዋለች፤ ለእኔ አዝና ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ በኖራው ወቅት ሳንባው ደክሞ ሞተ። መጨረሻው ሳምንት ላይ ራሱን ደግፌ ውሃ እያጠጣሁት፣ አሁን ልንገረው አልኩ። እሱ ቀደመኝ። «እታለም፣ ለልጅቷ ንገሪልኝ፤ ሆን ብዬ አይደለም።» እንዲህ ያለውን ሰው ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ሞቱን አቀልለት ነበር ወይስ አከብድበት ነበር? እስካሁን አላውቅም። ውሃውን ብቻ አጠጣሁት።

በቀበርነው በሦስተኛው ቀን ከፌንጣ ጋር አንሶላ እናጥፍ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን።

«ያን ገመድ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አንሶላውን አልለቀቅሁም። «መጋረጃ ሰቅዬበት ተበጠሰ። እኔ ነኝ የቋጠርኩት።»

እሷም አልለቀቀችም። ጫፏን ይዛ ወደ እኔ መጥታ እጄ ላይ አጠፈችው።

«አውቃለሁ አክስቴ። ቋጠሮሽን ያን ዕለት አይቼዋለሁ። እንዲያ የሚቋጥር ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ አባትሽን እንዲያ ሲያዋርዱት ለምን ዝም አልሽ?»

«ቤቱ በአንቺ ስም ነው። አንቺን ቢያባርሩሽ እሱን ይዤ የት ልገባ? አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።» ሌላ አንሶላ አነሳች። «አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬ ጠብቄአለሁ። አንድ ቀን ትነግሪዋለሽ ብዬ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«አዎ፣ ቆጥሬዋለሁ።»

አንሶላዎቹን ጨረስን። አርባ ሁለት ነበሩ።

በሳምንቱ ሄደች። ጥግ ላይ ያለውን ትልቁን ጨርቅ አውጥቼ፣ «ልብስሽን ልቋጥርልሽ» ስላት፣ «ተይው አክስቴ፣ ዚፕ ያለው ቦርሳ አለኝ» አለች። ሳመችኝ። በአራተኛው ሜዳ በኩል በሽቦው በር ወጣች። ከበሩ ውጪ ትሮጣለች ብዬ በመስኮት ጠብቄ ነበር፤ በዝግታ ነው የሄደችው።

ክለቡ ጡረታ አውጥቶኛል፣ ክፍሎቹን ግን እስካለሁ ትቶልኛል። ስለ እሷ የሰማሁት ሳሙና ከሚያመጣው ሾፌር ነው። ዕቃ ሊጭን ገብቶ አይቷት፣ ስሜን ጠርታ ሰላም በልልኝ አለችው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ትልቁ መጋዘን፣ ሦስተኛው በር፣ በቀን ፈረቃ ትሠራለች። ሥራዋ የታዘዘውን ዕቃ ከየመደርደሪያው እያነሳች መሀል ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ነው፤ የሚሄዱበት መንገድ ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ተሰምሯል፣ አለቆቹም ሰዓት ይይዛሉ፣ የሚደርስባት የለም አለኝ። የምትኖረው እዚያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ክፍሉ መስኮት አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አላየሁም አለኝ።